ቱንቢ

አራት ኪሎ፣ ጁስ ቤት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ዳግማዊ ስልኩን አዙሮ «ይኸው፣ እይ!
መሬት ዝርግ ናት» አለኝ፤ «ኳስ ብትሆን ኖሮማ
ይንሸራተት ነበር ይህ ሁሉ ከተማ።»
ጁስ ቀጂዋ ሳቀች። «እንዲህ ናት» ብላ
ብርቱካን አሳየችው፤ ጨመቀቻት በኋላ።

ጋሽ ወልደየስ ዝም አለ፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት ካርታ ሥራ የዋለ፣
መነጽሩ በክር የታሰረ፣
ጡረታ ሲወጣ አንድ ዕቃ ብቻ ያስቀረ።
ከኮቱ ኪስ አወጣ የነሐስ ቱንቢ፣ ጫፉ የሾለ፣
ሲባጎውን ይዞ ከጠረጴዛው ጠርዝ አንጠለጠለ።
ቱንቢው ዞረ፤ ተወዛወዘ፤ ቆመ።
የጁስ ማሽኑም ዝም አለ፤ መብራት ሄዶ ነበር።

«ወዴት ያያል?»
«ወደ ታች» አለ ዳግማዊ።
«ታችስ ወዴት ነው?»
ልጁ ወለሉን አየ።
ወለሉ ላይ የብርቱካን ፍሬና የፈሰሰ ውሃ ነበር።

«ወደ መሐሏ ነው ብለው ነበር ያስተማሩኝ፣
አምኜ ተከተልኩ፤ ስንት ተራራ አዞሩኝ!
ሒሳቡ አልገጥም ሲለኝ፣ ማታ ማታ፣
ድንኳን ውስጥ በማሾ ብርሃን ቁጥር ከቁጥር ሳፋታ፣
ገባኝ፦ እንጦጦ በዚያ በኩል ይስበዋል፣
ከጸጉር በቀጠነ ልክ፣ ያጋድለዋል።
ድንጋይም ጉልበት አለው።
የቀረበውን ሁሉ ወደ ራሱ ነው የሚያዘነብለው።

ኳስ አይደለችም፤ ብርቱካንም አይደለች፣
ስትሽከረከር ወገቧ ሰፋ፣ አናቷ ላይ ተደፈጠጠች፤
እዚህ ጎደል፣ እዚያ ሞላ፤
ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ራሱ ጎድጉዷል፣
መርከበኛው ሜዳ ነው ብሎ ይሄዳል።»

«ታዲያ ምን ትመስላለች?» አለችው ጁስ ቀጂዋ።
«መሬት» አላት። «መሬት የምትመስለው መሬትን ነው።»

ወጣን። ቁልቁል በራስ መኮንን ድልድይ፣ ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣
እሱ ቆም እያለ፣ እኔ ክንዱን ይዤ ሳነሳ፣
ዳግማዊም ከኋላ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ።
ምልክት ነበረችን እዚያ። በሰማንያ አንድ፣ ዝናቡ አባርቶ፣
ከሙሴ ጋራቤድ ሰዓት ቤት ደረጃ ላይ
የነሐስ ምስማር ተክሎ፣
እኔ ቀይና ነጩን በትር ይዤ፣ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
«ሁለት ሺህ አራት መቶ ሃያ ስድስት ነጥብ ሦስት!»
ብሎ ጮኸ ከማዶ፤
የልጄን ልደት ስረሳ እንኳ ያቺን ቁጥር አልረሳሁም።

አሁን ደረጃው የለም።
ሰዓት ቤቱ የለም።
የተነጠፈ ግራጫ ድንጋይ፣ የብስክሌት መንገድ፣
ፎቶ የሚነሳ ሰው፣ ቸኩሎ የሚሄድ።
ጋሽ ወልደየስ ተንበረከከ፤
አንዲት ሴት አሥር ብር ዘረጋችለት፣
እሱ አላያትም፤ እኔ ነኝ ይቅርታ ያልኳት።

ቱንቢውን ለቀቀው።
«ቤትም ይስብ ነበር» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለድንጋዩ፣
«በጣም ትንሽ። መሣሪያ አይደርስበትም።
ግድግዳው፣ ሳጥኑ፣ በሰባት ተኩል የቆመው የግድግዳ ሰዓት፣
አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ
የጥርስ ጥርስ የሚቆጥረው ሽማግሌ፣
ሁሉም ክብደት ነው።
ክብደት ሲሄድ እሷም እንደነበረች አትቀርም፤
እኔ የሣልኳት የያኔዋን ነው።»

ዳግማዊ ጎንበስ አለ፤ ስልኩን በጀርባው አስተኛው፤
አረንጓዴ አረፋ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፣
ወደ መሐል ተሳበች፣ ተመለሰች።
«ጋሼ፣ ቆይ፣ ዜሮ ልትል ነው።»
አላለችም።
የአስፋልት መኪና ባጠገባችን አለፈ፤ ምድሩ ነዘረ፣
ቱንቢው እንደገና መወዛወዝ ጀመረ።